ለረጅሙ የተተወ ቦታ

ምራት በስልኩ የጡብ ጨዋታ የአማቷን ነጥብ ካለፈች የጓዳው ቁልፍ የእሷ እንዲሆን ተወራርደው ነበር። ስልኩ ላይ የሚወርዱት ጡቦች ተከምረው ጣሪያው ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም፤ እሷ ግን አራት ረድፍ በአንዴ ለማፍረስ ዳሩን ክፍት ትታ ረጅሙን ጡብ ትጠብቅ ነበር።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አሉ አማቷ፣ ከኋላዋ ቆመው ቁልፉን እያንቃጨሉ።

"እማማ፣ ትንፋሽዎን ከአንገቴ ላይ ያንሱልኝ።"

ረጅሙ መጣ። ቀጥ አድርጋ ክፍቱ ዳር ላይ ለቀቀችው። አራቱ ረድፍ ጠፋ፣ ነጥቧም የአማቷን አለፈ። ዞራ እጇን ዘረጋች።

"ምን ያስቸኩልሻል? ጨዋታው ሳያልቅ ነጥብ አይመዘገብም። ቀጥዪ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መዳፏን እንደዘረጋች ዓይን ዓይናቸውን ታያቸው ጀመር። ጡቦቹ የሚነካቸው አጥተው በላይ በላዩ እየወደቁ ጣሪያው ደረሱ፤ ጨዋታውም አለቀ።

ቁልፉ ማንቃጨሉን ተወ።