ሠላሳ ሁለት ጊጋ

«ስምንት ጊጋ ይበቃዋል» አለች ሚስት።

ሻጩ ከጡብ የማትበልጥ ጥቁር ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ስምንት ቶሎ ይጠብባችኋል። ደግሞ የእነዚህ ትንንሾቹ ሚሞሪ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ዛሬ ያልገዛችሁትን ነገ መጨመር አይቻልም። አሥራ ስድስት ውሰዱ።»

«ሠላሳ ሁለት» አለ ባል።

«ጋሼ፣ መንኮራኩር ሊያስወነጭፉ ነው እንዴ?»

«የመጽሐፍ አራሚ ነው» አለች ሚስት። «ነጠላ ሰረዝ ለማስገባት ነው ሠላሳ ሁለት ጊጋ የሚያስፈልገው።»

ባል አልሳቀም። የሣጥኗን የኋላ ቀዳዳዎች በጣቱ እየዳበሰ፣ «ብዙ ነገር አንድ ላይ ይከፈትበታል። ሳይንተባተብ ቶሎ እንዲመልስልኝ ነው የምፈልገው» አለ።

ማን ነው የሚመልስልህ ልትለው ነበር። ሰው ፊት ስለሆነች ዋጥ አደረገችው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ባሏ ሌላ ሰው ሆኖባታል። ስታናግረው ዓይኑ ትከሻዋን አልፎ ይሄዳል። ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ ስትመጣ ምንም አላለም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንደማያውቃት አለፋት፤ ቤት ስትጠይቀው፣ «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ። ከሁሉ የባሰባት ግን የሥራው ነገር ነው። ከተጋቡ ጀምሮ እሷ ከረቂቁ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ ከማተሚያ ቤት የመጣውን ገጽ እየተከተለ ያርማል። አሁን፣ «አንቺ እረፊ፤ ብቻዬን እወጣዋለሁ» ብሎ የሥራ ክፍሉን በር ይዘጋል።

ለእህቷ ነግራታለች።

«ድንገት ክንድሽን ይዞ መሄድ ጀምሯል?» ነበር የእህቷ ጥያቄ።

ጀምሯል።

«በቃ፣ ሌላ ሴት አለች። ወንድ እንዲህ የሚለሰልሰው ጥፋት ሲኖርበት ነው።»

«ስክሪንስ?» አለ ሻጩ። «አብራችሁ ከገዛችሁ ቅናሽ አለው።»

«የድሮው ይበቃል» አለ ባል።

«የቱ፣ የተሰነጠቀው?»

«ይበቃል አልኩሽ።»

ከፍለው ሲወጡ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዘ። መነጨቀችው። ሊወድቅ ተንገዳግዶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምነው?» አላት።

«ምንም።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እህቷ ዘንድ እንደምታመሽ ነግራው ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ልቧ አላስችል አላትና ተመለሰች። የውጪውን በር ቀስ ብላ ከፍታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች።

ከሥራ ክፍሉ የሴት ድምፅ ይሰማል። ወጣት ነች፤ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ታወርደዋለች። ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ሴትዮዋ እያነበበችለት ነው። ረቂቁን፣ ከምዕራፉ መጀመሪያ፣ የእሷን ሥራ።

የፍቅር ቃል ብትሰማ ይሻላት ነበር። በሩን በርግዳ ከፈተችው።

ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል። ከባሏ በቀር ማንም የለም። ድምፁ የሚወጣው ከአዲሱ ኮምፒውተር ነው። ባሏ አንድ ቁልፍ ሲጫን ንባቡ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆመ። ከዚያም ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እሷ አዞረ።

«ማን ነው?» አለ።