ሙሴ ፍሎርያን በሩ ላይ

የቅርስ ጥበቃው ሹም ሙሴ ፍሎርያን የካህናቱ ቤት በር ላይ ሆዳቸው ተቀረቀረ። ከካቴድራሉ ጎን ስድስት መቶ ዓመት የቆመው ይህ ቤት በሩ ጠባብ ነው። የአባ አንሰልም ተሽከርካሪ ወንበር አላልፍበት ስላለ፣ በሩ ካልሰፋ ሽማግሌው ቤታቸውን ለቀው ወደ አረጋውያን ማረፊያ መሄዳቸው ነበር። ሙሴ ፍሎርያን ግን "ይህ በር ለማንም ይበቃል" ብለው ሊያሳዩ ከውጭ ገቡ፤ እስከ ግማሽ ድረስ።

የቤቱ ሠራተኛ ኦዲል ከውስጥ ሆና እጃቸውን ብትስብ ብትስብ አልሆነላትም። መዶሻ አነሳች። "ይቺን ጠርዝ ብቻ ነካ ላድርጋት?"

"ድንጋዩን እንዳትነኪብኝ። ቅርስ ነው።"

"አባስ? ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እኮ ነው። እሳቸውንስ ማን ይጠብቅልኝ?"

አባ አንሰልም ከኦዲል ኋላ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቃቸውን በመሐረብ እያፈኑ፣ "ተይ ልጄ፣ ይልቅ ቅቤ አምጪ" አሉ።

ኦዲል የሹሙን ሆድ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ቅቤ ቀባችና ባላት ኃይል ሳበቻቸው። ሙሴ ፍሎርያን የኮታቸው ቁልፎች እየተበጠሱ በሩን አልፈው መጡና አባ አንሰልም ጭን ላይ ዘጭ አሉ። ወንበሩም ሁለቱን ይዞ እየተንከባለለ በጓሮ በኩል ካለው የቤቱ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ሹሙ እዚያው እንደተቀመጡ ልስኑ የተላጠውን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩ።

"ተቀርቅሬ ሳለሁ ይህን ሳይ ነበር። ጡብ ነው፤ በአያቴ ዘመን የተጨመረ። እዚህ ጋ የፈለጋችሁትን ያህል ሰፊ በር ክፈቱ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ አባ አንሰልም። "አሁን ከጭኔ ላይ ይነሱልኝ።"