ቦታ ማስለቀቂያው ቅጽ

ለኮሌጁ ተማሪ የሚመለምሉት አቶ ሰይፈሚካኤል ሆን ብለው በምሳ ሰዓት መጡ። ቅጹንም ከትሪው አጠገብ ዘረጉት።

«ለልጅዎ ለማስተዋልም ቦታ አግኝተንላታል» አሉኝ። «እንደ ወንድሟ የልጅነት ትዝታዋ ይወጣና ትምህርቱ በቦታው ይገባል። በስድስት ወር ሐኪም ሆና ትመጣልዎታለች።»

«የወንድሟን አይቻለሁ» አልኳቸው።

ወንድሟ በእምነት ፊት ለፊቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከስንቱ ኮሌጅ ይሄኛውን የመረጥኩለት እኔው ነኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ። ከተመረቀ ወዲህ ቤት ሲመጣ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ዶሮ ወጡን ጠቅልዬ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ።

«አመሰግናለሁ፤ እጄን ታጥቤያለሁ፣ ራሴ እበላለሁ» አለኝ።

«አዩት? እንዴት ያለ ጨዋ!» አሉ ሰውየው፣ እስክሪብቶ እያቀበሉኝ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ማስተዋል ከጎኔ አፏን ከፍታ ስትጠብቅ አየሁና አጎረስኳት። ከዚያ ወጥ የነካ እጄን በቅጹ ጥርግ አደረግኩ።

«ይኸው መልሴ! ይዘውልኝ ከቤቴ ይውጡ!»

ሰውየው ብድግ አሉ። በእምነትም አብሯቸው ተነሳ። ስለ ምሳው አመሰገነኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ወጣ።