የደጃፉ ነጭ ሐረግ

ሰርካለም ጠዋት በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ያ ነጭ ነገር እንደገና ተሥሏል። ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ፣ የማይቆረጥ መስመር እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይዞረዋል። ሲሚንቶው ውኃ የተረጨበት ይመስላል። ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ከተማ ግን ዝናብ ከጣለባት ሰነባብቷል።

ልጇን የምሥራችን በአንድ እጇ እንዳቀፈች በሌላው መጥረጊያ አነሣች። ልጅቷ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ይህ ነገር ደጃፋቸው ከመጣ ወዲህ ሳሉ አልለቀቃትም።

«ምናሉ፣ ና እስቲ እይ።»

ባሏ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ መግባቱ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ብቅ አለ።

«ኖራ ይሆናላ። የጥገና ሰዎች ደፍተውት ነው።»

«ኖራ ሲደፋ አበባ ይሠራል?»

«እሺ መተት ነው በቃ። መተተኛው ግን ሥዕል ይችላል» አለና እየሳቀ ሊተኛ ገባ።

የምናሉ እናት፣ እማማ አረጋሽ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ። በወተትና በዝንጅብል ካልተፈላ አይሆንላቸውም። ልጅ ሳሉ ጎሬ ከተማ ከውጭ አገር የመጡ ባልና ሚስት አስተማሪዎች ቤት ሲያገለግሉ፣ «ሚስ» ከሚሏት እመቤታቸው የለመዱት ነው። ዛሬም ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ይጸልያሉ። ሌላውን ግን እየረሱት ነው። አንዳንድ ጠዋት ሰርካለምን «እርስዎ» ይሏታል፤ እሷም እርጅና ነው ብላ ታልፈዋለች።

«እማማ፣ ደጃፋችን ሰው ሲመጣ አልሰሙም?»

«ማን ይመጣል ልጄ? ደጅ ሲያምር ምን ያስፈራል?»

ሰርካለም የልጅቷን ገንፎ ልትሠራ የሩዝ ዱቄቱን ብታነሣው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከሃቫና ስትሪት ሱቆች የገዛችው በቅርቡ ነበር። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ የት ታደርሰዋለች አለች በሆዷ።

መተተኛውን እንደሆነ ታውቀዋለች። ፊት ለፊት የሚኖረው ሚስተር ኮሊንስ ነው። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ ካሜራ ከአንገቱ የማይወርድ። ዴንቨር ኮሌጅ ሲያስተምር ኖሯል ይባላል። ዕድሜውን የፈጀው በህንድ ገጠር እየዞረ፣ ሂንዱዎች ለአማልክቶቻቸው የሚሠሩትን የሸክላ ፈረስና ሥዕል ሲያጠናና ፎቶ ሲያነሣ ነው። ይህን የነገረቻት ከላይኛው ፎቅ ያለችው ፍሬወይኒ ናት።

«ቤቱ ጣዖት ብቻ ነው። ልጅሽን ጠብቂ» ብላታለች።

በማግስቱ ሰርካለም ጎህ ሲቀድ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሥዕሉ አልቋል። ኮሊንስ አጠገቡ ተንበርክኮ ፎቶ ያነሣል። መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ሲያያት እጁን ዘረጋ።

«እባክሽ አትጥረጊው። ተዪው፣ ጉንዳን ይብላው።»

 ጉንዳን የሚበላው ምኑን ነው?

የሰውየው በር ገርበብ ብሏል። ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል፤ የጭቃ ቤቶች ደጃፍ፣ በየደጃፉም ያው ነጭ ሐረግ። ከመካከላቸው አንዱ የራሷ ደጃፍ ነው። የበሩ ቁጥር፣ የልጇ ትንሽ ጫማ ሳይቀር ይታያል።

የዚያኑ ዕለት ልጇን አዝላ የአፓርትመንቱ ቢሮ ሄደች። እንግሊዝኛዋ ባይሞላም ደጃፏ ላይ ያለውን ሥዕል በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አሳየች።

«ልጄን ሊያሳጣኝ ነው። እሱ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ።»

ኮሊንስ ሲጠየቅ ፎቶ ከማንሣት በቀር ምንም አላደረግሁም አለ። ማንም አላመነውም። እሱም ብዙ አልተከራከረም።

«እናት በእኔ ምክንያት ከፈራች እዚህ አልኖርም» አለ።

ቅዳሜ የእህቱ ልጅ ፒካፕ ይዞ መጣ። የሸክላ ፈረሶቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተጫኑ። ኮሊንስ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በመስኮቱ መዳፎቹን ገጥሞ ለሰርካለም እጅ ነሣ። እሷ ፊቷን አዞረች። ከኋላዋ በሩ ላይ የቆሙት እማማ አረጋሽ ግን መዳፎቻቸውን እንደሱው ገጥመው መለሱለት። ሽማግሌው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«እሱን ሰላም ይላሉ እንዴ እማማ?»

እማማ አረጋሽ ፈገግ ብለው ገቡ።

ሰርካለም ደጃፉን በጸበል ረጨች። የምሥራች ያን ሌሊት አላሳላትም።

«አየህ?» አለችው ምናሉን።

«አየሁ። አሁን ተኚ።»

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በሩ ተከፍቶ ነበር።

እማማ አረጋሽ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ከጣቶቻቸው መሐል የሩዝ ዱቄቱን እንደ ክር እያወረዱ፣ ቀና ሳይሉ «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ሚስ ላክሽሚ፤ አይርገጡብኝ» አሏት።