ስድስት የገለባ ሳንቃ

መርስዔ ኃዘን ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። በዚያ ወር መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ድምፁን በደንብ የሰማ ሰው አልነበረም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከገብስ ገለባና ከባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ሳንቃ ለመሥራት ሲለፋ ኖሯል። ገለባውን እየፈጨ፣ በኮላ እየለወሰ፣ በማሽን እየተጫነ ሠላሳ ያህሉን ጣለ። አንዱ ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ ያብጣል፣ ሌላው ሚስማር ሲመታበት ይፈረካከሳል። በመጨረሻ ስምንት ደህና ሳንቃ ወጣለት። እሱ አዲስ አበባ ለጥናቱ ሲመላለስ እናቱ እትዬ ኮከቤ የመጋዘኑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረው፣ ስድስት ወር በየማለዳው አንድ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሱባቸው። የሙከራው ደንብ እንደዚያ ነበር። ሳንቃዎቹ ንቅንቅ አላሉም። እትዬ ኮከቤም የልጄ ሳንቃ ክረምት አይፈራም እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ እትዬ ኮከቤ በድንገት አረፉ። የደብረ ብርሃን መንገድ በናዳ ተዘግቶ ስለነበር መርስዔ ኃዘን ግማሹን በእግሩ ተጉዞ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀብሩ አልፏል። አለቀሰ፣ ለቀስተኛ ተቀበለ። በሳምንቱ መጋዘኑን ሲከፍት ከስምንቱ ሳንቃ ስድስቱ የሉም።

ቁልፉ አልተሰበረም። ወለሉ ተጠርጓል። የቀሩት ሳንቃዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አገር እናቱን ሲቀብር ሌባው እሱን ይዘርፋል። ከዚህ የባሰ ነውር የለም። መርስዔ ኃዘን ጥርሱን ነከሰ።

የተጠረጠረው አፈወርቅ ነው። አፈወርቅ የእንጨትና የቺፕውድ ነጋዴ ሲሆን፣ ገለባ ለበሬ ነው እያለ በሳንቃው ሲያላግጥ ከርሟል። መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ደግሞ የአፈወርቅ መጋዘን ባዶ ነበር፤ በከተማው አንድ ጣውላ ቢፈለግ አይገኝም። መርስዔ ኃዘን ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ገባው። ዕቃ ያለቀበት ነጋዴ የሰው ዕቃ ይሸጣል።

ሄዶ ሱቁ ውስጥ ቆመበት። አፈወርቅ አላላገጠም። ቀና ብሎም አላየውም።

«መጋዘኔን ፈትሽ» አለው። «ከዚያ በላይ አታናግረኝ።»

ፈተሸ፣ ምንም የለም። ንጹሕ ሰው ይጮኻል እንጂ አንገቱን አይደፋም ሲል አሰበ፤ ንዴቱም ባሰበት።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተገኘ ዘንድ ሄደ። ሳንቃዬ ተሰረቀ፣ ሌባውም አፈወርቅ ነው፣ ዳኙኝ አላቸው። ጋሽ ተገኘ መቀመጫ አቀረቡለት።

«ሐዘን ላይ ሆኖ የንብረት ነገር አይነሣም፤ ወግ አይደለም» አሉት። «የእናትህ አርባ ይውጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ ሁለቱን ጠብቅ።»

አርባው የሚወጣው በመስከረም ማብቂያ ነው። ለጥናቱ ሳንቃውን የሚመረምሩት የአዲስ አበባ ሰዎች ግን በመስከረም ሃያ ይመጣሉ። የሚዘፈዘፍ፣ የሚሰበር፣ የሚቃጠል ቢያንስ አምስት ሳንቃ ይፈልጋሉ፤ በሁለት ሳንቃ ጥናቱ ይዘጋል። አዲስ ቢሠራም የስድስት ወሩን ውሃ ከየት ያመጣል? ሦስት ዓመት ገደል ሊገባ ነው፣ ሽማግሌው ታገሥ ይሉታል።

ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። አንዷ ጭራሽ እንባዋ መጣ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይደብቃል። ባለገንዘብ ሲሰርቅ እንዲህ ነው፣ አገር አብሮ ዝም ይላል። አብሮት ያደገው ሕዝብ ለአንድ ነጋዴ ብሎ እንዲህ መሸጡ ከሌብነቱ ይልቅ አንገበገበው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሐል ቆሞ መምሬ ይሥሐቅን ግዝት ጠየቃቸው። መምሬ ይሥሐቅ የእናቱ የንስሐ አባት ናቸው፣ የቀበሯቸውም እሳቸው። መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«ግዝት ከባድ ነው ልጄ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም።»

«የያዘው ላይ ይረፍ፣ አባቴ።»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው እኔው እላለሁ» አለ መርስዔ ኃዘን።

ከሰው መሐል የቆመው አፈወርቅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። መርስዔ ኃዘን አየው፣ እጁንም ወደ መቅደሱ አነሣ። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ።

«ስድስቱን ሳንቃዬን ይዞ የተኛ ሁሉ ዕረፍት አያግኝ! አፈር አይቀበለው! አሜን በሉ!»

አሜን የሚል ጠፋ። አንዲት ሴት በቆመችበት ተንበረከከች። ጋሽ ተገኘ ከሰው መሐል ወጥተው የተነሣውን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ቀስ አድርገው አወረዱት።

«ቃልህን መልስ ልጄ» አሉት፤ «በሳንቃዎቹ ውስጥ የተኙት እናትህ ናቸው።»