ጀልባው በተሸጠ ማግስት

ኢዩኤል ሞንትቤሎ ሰፈር የደረሰው ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ገና ሳይወርድ፣ ከእንጨት አጥሩ በላይ ብቅ ያለውን የጀልባ አፍንጫ አየና ፈገግ አለ። ማስታወቂያው ላይ ያየው ፎቶ አልዋሸም። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የውሃ ቦዮች ላይ ከሰል ያመላልስ የነበረ፣ ጠበብ ብሎ የረዘመ የብረት ጀልባ ነው።

ውሃ በሌለበት ጓሮ ምን ይሠራል ቢሉ፣ አንድ ባለ ሬስቶራንት ለጌጥ አስመጥቶት ኋላ ሰለቸውና ጣለው። አቶ ምናሉ የሚባሉ የትራክ ሾፌር አሳዘናቸውና አንስተው ጓሯቸው አስቀመጡት። ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ በየበጋው እየፋቁ ሬንጅ ይቀቡት ነበር። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ግን ጉዳያቸውም አልነበረ።

ኢዩኤል አሁን ወደሚኖርበት ኦሮራ ከተማ ከመምጣቱ በፊት እዚያው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጀልባዎችን ሲጠግን ኖሯል። አሁን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ሥራውንም አምርሮ ይጠላዋል። የበርሚንግሃሙ የቀድሞ አለቃው ታዲያ፣ «ብረቱ ጤነኛ ከሆነ እዚህ ድረስ ማስጫኛውን እኔ እችላለሁ፤ አንተም ከጀልባው ጋር ና» ብሎታል። ሚስቱ ሄዋን ሻንጣ ማማረጥ ጀምራለች። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ብረት ላይ ነው።

በስልክ ያነጋገረችው የሟቹ ልጅ ስምረት ናት።

«ፕሊስ፣ ከወደድከው ቶሎ ጨርስልኝ» አለችው ከምትኖርበት ከቶርንተን ከተማ። «እማዬ እዚያ ቤት ብቻዋን ናት። ጀልባው በተሸጠ ማግስት እኔ ጋ ልትገባ በንስሐ አባቷ ፊት ምላለች። እማዬ ደግሞ ከማለች ማለች ነው፤ ቃሏን አታጥፍም።»

በሩን የከፈቱለት የስምረት እናት፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ራሳቸው ናቸው። ሲጨብጣቸው የጣቶቻቸው ጫፍ ቀላ ብሎ አየ። እንሶስላ መስሎት አለፈው።

«ጀልባውን ነው አይደል? እዚያው ነው፤ የት ይሄዳል ብለህ ነው» አሉና እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዱት።

ኢዩኤል መዶሻውን አወጣ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮሃል፤ የተበላ ብረት ግን ዱም ብሎ ይቀራል። ከአፍንጫው ጀምሮ ጎን ጎኑን እየመታ ሄደ። ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለት እርምጃ ሄዶ መታ፤ አሁንም ጮኸ። ፈገግ እያለ ቀጠለ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን ደርበው ዓይናቸውን ከመዶሻው ሳይነቅሉ ይከተሉታል።

ወደ ኋላ ሲደርስ ጎኑ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። ወይዘሮዋ ባልተጠበቀ ፍጥነት ቀድመውት ሸራው ፊት ከነበረው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«እዚህ ጋ ይቅርብህ ልጄ። ያው ነው።»

«ልየው እንጂ እማማ።»

«ይልቅ ውስጡን መች አየህ?»

ውስጡ ጠባብ ክፍል ነው። ትንሽ ምድጃ አለ፤ ከኋላ፣ ከውጭ ሸራው ባለበት በኩል፣ ከአልጋው ሥር የጤፍ ጆንያዎች ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተጠቅጥቀዋል። አቼቶ አቼቶ ይሸታል።

«ቤቱ ቢጠበኝ ዕቃ ቤት አደረግሁት» አሉ። «ሽታ እንዳይዝ በአቼቶ አጥበዋለሁ።»

ኢዩኤል ራሱን ነቀነቀ፤ ልቡ ግን ሸራው ጋ ነበር። እሳቸው ደረጃውን ቀስ እያሉ እስኪወርዱ ቀድሞ ወጣና ገለጠው።

ትሪ የሚያክል ዝገት። መታው። ዱም አለ። ትንሽ ዝቅ አድርጎ መታው። ዱም።

አንድ ተስፋ ቀርቶለታል። የብረት ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ከኪሱ አውጥቶ ዝገቱን ሊፍቅ ሲል ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጁን ለቀም አደረጉት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«በእናትህ ልጄ፣ አትለካው። የሟች ልፋት ነው። ይህን ያህል ቀረ፣ ይህን ያህል ተበላ ብለህ አታሳፍርብኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይለካ ነበር። ኢዩኤል ግን በእናቱ ስም ለምነውት፣ ያውም ሐዘንተኛ ሴት፣ እንቢ የሚልበት አንጀት የለውም። መሣሪያውን መልሶ ኪሱ ከተተ። በውስጡ ግን ተናደደ። ሊያታልሉኝ ነበር! ልጅቷ ታጣድፋለች፣ እናትየው በሸራ ይሸፍናሉ። እናትና ልጅ ተማክረውብኛል አለ በሆዱ።

ይህን ፊት ለፊት መናገር ግን ነውር ነው።

«ጥሩ ጀልባ ነው እማማ። እስቲ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አለ።

«ተማከር የኔ ልጅ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ለስምረት ደወለ።

«ከኋላ በኩል አልቋል፣ አልገዛውም» አላት ቆጣ ብሎ። «ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ያፍራሉ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ያለፈውም ሰውዬ እንዲሁ ነው ያለኝ» አለች። የእውነት እንደደነገጠች ድምጿ ያስታውቃል። «በቃ ማን ይገዛዋል?»

ኢዩኤል ስልኩን ዘጋ። ለሄዋን ምን እንደሚላት ጨነቀው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኤርፖርት ነዳ፤ ተሳፋሪ ይጠብቀዋል።

ጓሮ ውስጥ የወይዘሮ ሮማነወርቅ ስልክ ጮኸ፤ ስምረት ናት።

«ምን ይደረግ ልጄ፣ እኔማ ጓዜን ሸክፌ ነበር» አሉ በሐዘን ድምፅ፤ ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል ይዘው ዝገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉት፣ የጣቶቻቸው ጫፍ እንደገና ቀላ፤ ከሥሩም አቶ ምናሉ የቀቡት ሬንጅ እንደ አዲስ አብለጨለጨ።