ዘጠኝ ፖስታዎች

የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባዔ ጸሐፊ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ውሸት በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ስትመዘግብ ኖራለች። የዚያ ሐሙስ ስብሰባ ግን የራሷን ቤት የሚነካ ነበር።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። የከተማው አንድ ቱጃር ግን መንገዱን በምድር ፈለገው፤ ያውም በጸሐፊዋ ሰፈር መሀል። ጥያቄው ከጸደቀ ሰፈሩ ይፈርሳል፤ ካሳው የጣሪያ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ወሬው እንደተሰማ ግማሹ ጎረቤት ቤቱን ለመጣ ገዢ በተሰጠው ዋጋ ሸጦ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። እሷና ባሏ ግን ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ቤት ሙጥኝ ብለው ቀሩ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የቱጃሩ ጉዳይ አስፈጻሚ ምክር ቤት መጥቶ ለዘጠኙም አባላት ወፍራም ወፍራም ፖስታ አደለ። የሕዝብ ተመራጮች ጥሬ እንደተበተነላቸው ዶሮዎች ተሻሙ። ሰብሳቢው ኪሱን ዳበስ አድርጎ፣ "እግዜር ይስጥልን" አለ። ሕዝቡን እንዲህ አመስግኖ አያውቅም።

ጸሐፊዋ ኮሪደር ላይ ወጥታ ለባሏ ደወለች።

"አልቆልናል። ነገ መንገዱን ያጸድቁታል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በዓይኔ በብረቱ አየሁ እኮ! ሁሉም ተገዝተዋል።"

ባልየው ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ የሚስቱን ቃል ተጠራጥሮ አያውቅም።

ሐሙስ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

"መንገዱን የምትደግፉ?"

አንድም እጅ አልወጣም።

"የምትቃወሙ?"

ዘጠኝ እጅ ወጣ። አንዱ አባል እንዲያውም፣ "የድሃ ጎጆ አይነካም!" እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ቱጃሩ ከኋላ ወንበር ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ሰብሳቢውን ጨብጦ ወጣ።

ጸሐፊዋ መዘገበች። ገንዘቡን በልተው ካዱት! በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚያን ሆዳሞች ወደደቻቸው። መዝገቧን ዘግታ፣ በደስታ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሮጠች።

ባሏ በር ላይ ጠበቃት። እንባዋን ሲያይ ለወሬ ፋታ አልሰጣትም፤ እቅፍ አደረጋት።

"አይዞሽ፣ አታልቅሺ! ትናንት እንደደወልሽልኝ ሮጬ ቤታችንን ለራሱ ለቱጃሩ በሩብ ዋጋ ሸጥኩለት፤ እንግዲህ እሱ ላይ ይፍረስበት!"